ሙቱ ራሱ የፈራበት ቴአትር

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ይህን ለመናገር አፍሬ አላውቅም። ልጅ ሆኜ ጅብ ሲጮህ ከእናቴ ቀሚስ ስር ነበር የምገኘው፤ ተድሬ፣ ወልጄም አልተሻለኝም። ባሌ ከወሎ ይዞኝ አዋሽ ዳር ወዳለ የጥጥ እርሻ ሲወርድ ደግሞ የምፈራው ነገር በዛ። ጊንጡ፣ እባቡ፣ ወባው፣ ከሁሉም በላይ ወንዙ። እኛ አገር ጎርፍ የሚመጣው ዘንቦ ነው፤ ሰማይ አይቶ መሸሽ ይቻላል። እዚያ ግን ጠብታ ሳይወርድ፣ ፀሐይ አናት እየበሳ፣ ደጋ የዘነበው ውሃ በአዋሽ መጥቶ ድንገት ደጃፍ ላይ ይደርሳል።

ካምፓችን ከወንዙ ዝቅ ብሎ ስለተሠራ በመሃላቸው የአፈር ግድብ ነበረ። ግድቡ ላይ የሀዲድ ቁራጭ ተሰቅሎ ባሌና ጓደኛው በፈረቃ ይጠብቃሉ። ለሥራ መግቢያና መውጫ ብረቱ ረጋ ተደርጎ ይመታል። ሳያቋርጥ ከተመታ ግን ግድቡ ተሸንቁሯል ማለት ነው፤ ያኔ ወንዱ አካፋና ጆንያ ይዞ ወደ ግድቡ፣ ሴቱ ልጁን አዝሎ የጥጥ መዳመጫው ወዳለበት ጉብታ ይሮጣል። መቺው ደግሞ ሰው ሁሉ ከካምፑ መውጣቱን ሳያይ መዶሻውን አያስቀምጥም። ይህን የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ የነገረን ገና ከመኪና እንደወረድን ነው።

ተዋንያኑ የመጡት በነሐሴ ነበር። ጉዟቸው ወደ አሰብ ሆኖ ሳለ ዲቾቶ አካባቢ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦባቸው ተመለሱና እኛ ዘንድ አረፉ። ከመቦዘን ብለው መዳመጫው አጠገብ ባለው የጥጥ መጋዘን ቴአትር ሊያሳዩን ተነሱ። ሙት ተነስቶ የሚመጣበት ቴአትር ነው ሲባል እኔ ወዲያው አልሄድም አልኩ።

አማቴ ግን አልለቀቁኝም። የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ከወሎ መጥተው እኛ ጋ ከርመዋል፤ ጉልበታቸው ስለደከመ ከአልጋ እስከ በር እንኳ ግድግዳ ይዘው ነው የሚሄዱት።

«ሂጂ እንጂ ልጄ! እዚህ በረሃ ወርደሽ ከወባ በቀር ምን አየሽ? ልጅቷን እኔ እይዝልሻለሁ። መጥተሽ ታወሪኛለሽ።»

ባሌ የግድብ ተረኛ ነበር። ልጄን ለአማቴ ትቼ ከጎረቤቶቼ ጋር ሄድኩ።

ገና ቀትር ዘወር ከማለቱ መጋዘኑን እንዲጨልም ብለው በሩን ሁሉ ዘጉት። ሙቀቱ አይጣል ነው። ጥጥ ላይ ተቀምጠን ብናኙ አፍንጫችን ውስጥ እየገባ፣ ፊት ለፊት ፋኖስ ተሰቅሎ ተጀመረ። ታናሽ ወንድም ለርስት ብሎ ታላቁን ይገድልና ጉድጓድ ውስጥ ይጥለዋል፤ የሟቹንም ሚስት ያገባል። በሠርጉ ማግስት ከጉድጓዱ ውስጥ ብረት ሲመታ ይሰማል። ለዚያ ብለው ከመጋረጃው ጀርባ የከባድ መኪና ቸርኬ አንጠልጥለው ኖሯል፤ አንዱ በመዶሻ ያለማቋረጥ ይደበድበው ጀመር።

መጋዘኑ በአንድ ጊዜ ተነሳ። «አካፋ! አካፋ!» ይላል ወንዱ፤ በሩ ተበረገደ፤ እኔ የማንን እግር እንደረገጥኩ አላውቅም። ስንወጣ ፀሐይ ዓይናችንን አጠፋው። ባሌ ግድቡ ላይ ቆሞ ምንም የለም እያለ በሁለት እጁ ያውለበልብልናል። ወንዙም በቦታው ነው።

የተዋንያኑ አለቃ ግራ ገብቶት ተከትሎን ወጣ። «ምን ነካችሁ ጎበዝ? ሙቱ ገና አልወጣም እኮ!»

ነገሩን ሲያስረዱት እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ቸርኬውን አውጥቶ እያሳየ፣ «ይኸው! ከእንግዲህ ብረት ብትሰሙ የኔ ነው፤ ደግሞ እንዳትነሱብኝ» አለን። ካቦው ካምፕ የቀሩት እንዳይደነግጡ የቴአትር ድምፅ ነው ብሎ እንዲነግር ሰው ላከ። እኛም በራሳችን ስቀን ተመልሰን ገባን።

ከዚያ ሙቱ ወጣ። ፊቱን ዱቄት ለቅልቀውት፣ ዓይኑን በጥላሸት ከበውት፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ ነበር የሚራመደው። ይጮኻል ብዬ ስጠብቅ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ውሃ ጠማኝ፤ ውሃ ስጪኝ» አላት ሚስቱን። አንዱ ከኋላዬ «አዑዙ ቢላሂ» ይላል፤ ጎረቤቴ ጭኔን ይዛ ትቆነጥጠኛለች። እኔ በነጠላዬ ተሸፋፍኜ ምን አባቴ አመጣኝ እያልኩ ነው። ሰውየው ይባስ ብሎ ከመድረኩ ወርዶ በመሃላችን መሄድ ጀመረ። እኔ አጠገብ ሲደርስ ብረቱ እንደገና ጮኸ። ሰዉ ጮኸ፣ አፏጨ፣ ሳቀ። የተነሳ ግን የለም።

ጭንቀቱ ሲበዛብኝ በአንድ ዓይኔ አጮለቅኩ። ሙቱ ፊት ለፊቴ ቆሟል፤ እኔን ግን አያይም። ዞሮ ወደ መጋረጃው ነው የሚያየው። ቸርኬ መቺው በመጋረጃው መሃል አንገቱን አውጥቷል፤ መዶሻው እጁ ላይ ተንጠልጥሏል። ብረቱ ይጮኻል።

«አንተ ነህ?» አለው ሙቱ፣ በተራ ሰው ድምፅ።

መቺው ራሱን ነቀነቀ፤ አይደለሁም ማለቱ ነው። ዱቄቱ ላይ ላብ ሲወርድና የሙቱ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሙቱ ራሱ ፈራ። ያኔ ገባኝ፤ «ልጄን!» ብዬ ጮኼ ሮጥኩ።

ከጉብታው ስወርድ ውሃው ካምፑ ገብቷል። ያገሳል ብዬ ስጠብቅ ድምፅ አልነበረውም፤ ጭቃ መስሎ በየመተላለፊያው ይሞላል። ነጠላ ጫማና ጆንያ ይንሳፈፋል። ባሌ ግድቡ ላይ እየመታ አየኝ፤ ሳያቆም ድምፁ እስኪሰነጠቅ፣ «እናቴን! ልጅቷን!» አለኝ። ውሃው ጉልበቴን፣ ከዚያ ጭኔን አለፈ። እኔ እንቁራሪት የምፈራ፣ መዋኘት የማልችል ሴት፣ የዚያን ጊዜ ግን ከቤቴ በር በቀር የሚያስፈራኝ ነገር አልነበረም። ከፍቼ የማየውን ፈራሁ።

በሩን ውሃው ይዞት በትከሻዬ ገፋሁት። አማቴ አልጋው ላይ ቆመዋል፤ በእነዚያ እግሮች። አንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዟል፤ ልጄ ትከሻቸው ላይ ናት። ውሃው የአልጋውን ጫፍ ነክቷል፤ ድስቴ ከስራቸው ይዞራል። ልጄን አንገቴ ላይ አደረግኩ፤ ከኋላዬ የደረሱ ሁለት ወንዶች አማቴን ተሸክመው ጉብታው ላይ አወጡልን።

እዚያ ስንቀመጥ እኔ ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ እሳቸው ልጅቷን በሻሻቸው ያደርቃሉ።

«እማዬ፣ ብረቱን አልሰሙትም?» አልኳቸው።

«ሰማሁ እንጂ! ሰውየው መጥቶ የቴአትሩ ነው ብሎን የለ? ኋላማ ከፊተኛው ባሰ፤ ‹እሰይ፣ ሞቀላቸው፤ ልጄ ዛሬ እንኳ ደስ ብሏት ትመጣለች› አልኩ። ልጅቷን ጭኔ ላይ አድርጌ በብረቱ ምት እያጨበጨብኩ አስጨፍራት ነበር።»

ባሌ ከወዲያ ማዶ ገና አላቆመም ነበር። የወጣነው በቤቶቹ ጀርባ፣ የተቀመጥነውም ከመዳመጫው ኋላ ስለሆነ መውጣታችንን አላየም፤ ይመታል።