የጋሽ እንድሪስ ደብተር

ይህን ነገር ለሚስቴ እንኳን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ስድስት ዓመት ሆነው። አንተ የምታነበኝ ሰው አታውቀኝም፣ እኔም አላውቅህም፤ አፌ የተፈታው ለዚህ ይሆናል።

ጋሽ እንድሪስ እዚህ ካምፓላ፣ ኪቡሊ ሰፈር፣ ከሱቄ ጀርባ ያለችውን ክፍል የተከራዩኝ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የወሎ ሰው ናቸው፣ እንደኔው። አንድ አመል ነበረባቸው፤ ይጠይቃሉ። የማን ልጅ ነህ? አገር ቤት ማን አለህ? ስልካቸውስ? ስደት ላይ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ሰላይ ተብሎ እንደሚታማ መቼም አይጠፋህም። እኔም የወንድሜን ቁጥር ከሰጠኋቸው በኋላ እጠረጥራቸው ጀመር።

አንድ ከሰዓት ክር ሊገዙ ከተማ እንደወረዱ ዝናብ መጣ። ጣሪያው እንደሚያፈስ ስለማውቅ በትርፍ ቁልፌ ገብቼ ባልዲ ደቀንኩ። እስከዚህ ምንም አላጠፋሁም። ባልዲውን ደቅኜ ግን ለምን አልወጣሁም? ትራሱን አንሳ ያለኝ ማን ነው? አነሳሁት። ሰማያዊ ደብተር አገኘሁ። አልጋቸው ላይ ከነጫማዬ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እዚህ ያለነው የሁላችንም ስም አለ፤ የትውልድ ቦታችን፣ የዘመዶቻችን ስልክ። በኔ ስም ስር ደግሞ «ብቻውን ሳለ አይሆንም። ሰው ይኑር። ቁርስ ከበላ በኋላ» ይላል። ቁርስ ከበላሁ በኋላ ምን ሊያደርጉኝ ነው? ደብተሩን እንደነበረ መልሼ ወጣሁ።

ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜንጎ ሰፈር እንግሊዝኛ እንማር ነበር፤ አሥራ ሁለት ሐበሻ ከአንዲት ኡጋንዳዊት አስተማሪ ጋር። ማዳም ነው የምንላት። በዚያው ሳምንት ሰሌዳው ላይ «ስኑፕ» የሚል ቃል ጻፈች። የሰውን ዕቃ፣ ወረቀት ወይ ስልክ ተደብቆ መበርበር ማለት ነው አለች። ፖሊስ በፈቃድ ሲፈትሽ አይባልም፤ እናት የጠፋ ቁልፍ ስትፈልግ አይባልም። ከባለቤቱ መደበቅ አለበት፤ ነገሩም የማያገባህ መሆን አለበት። ሰውን የሚያስቀይም ቃል ስለሆነ በማን ላይ እንደምትናገሩት ተጠንቀቁ ብላም መከረችን።

ይህን ሁሉ አሳምሬ ስጽፍ ያ አልጋ ትዝ ያለኝ መሰለህ? ትዝ ያሉኝ ጋሽ እንድሪስ ናቸው። አረፍተ ነገር ሥሩ ስትል እጄን አወጣሁ። ቤቴ የተከራዩት ሽማግሌ ስኑፕ ያደርጉናል፣ የሁላችንን ስም በደብተር ይጽፋሉ አልኩ፣ በእንግሊዝኛ። ማዳም ጎበዝ አለችኝ። ሐበሾቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቃል መጨመር አላስፈለገኝም። ሱሪ የሚያሳጥር ደንበኛ ጠፋ። መስጊድ በር ላይ ሰላምታቸውን የሚመልስላቸው ሰው ተመናመነ። ምን አጥፍቼ ነው ብለው የጠየቁት እኔን ነበር፤ እኔ ደግሞ ሰው እንዲሁ ነው፣ ይለፉት አልኳቸው። በሁለተኛው ወር ማንም ወደማያውቃቸው ወደ ሙቱንጎ ገቡ። ክፍሉን ጠርገው፣ ቁልፉን በሁለት እጃቸው ሰጥተውኝ፣ አስቸገርኩህ ብለው ወጡ። ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ። ሻንጣቸውን ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ላይ የጫንኩትም እኔው ነኝ።

ዓመት ሳይሞላ፣ አንድ እሁድ ጠዋት፣ ጋሽ እንድሪስ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ሱቄ መጡ። ቁርስ በልተሃል ወይ አሉኝ። አልበላሁም። ከመንገዱ ማዶ ሮሌክስ አስጠቅልለው አመጡልኝ፣ ያን በቻፓቲ ቂጣ የሚጠቀለል እንቁላል፤ ጨርሼ እስክበላ አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ እጄን ይዘው እናቴ ማረፏን ነገሩኝ። ወንድሜ የደወለው እሳቸው ጋ ነበር፤ ቁጥራቸውን ቀድመው ሰጥተውት ኖሯል።

እያለቀስኩ ነው የገባኝ። ያ ደብተር የመርዶ ደብተር ነበር። በኋላ ራሳቸው እንዳጫወቱኝ፣ ከዓመታት በፊት እዚሁ ካምፓላ አንድ ልጅ ቀብረው፣ ለማን እንደሚነገር የሚያውቅ ጠፍቶ፣ እናቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ስልኩን ስትጠብቅ ኖራለች። ከዚያ ወዲህ ነው ማን ማን እንዳለው፣ መርዶውም እንዴት እንደሚነገረው መጻፍ የጀመሩት። ስኑፕ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሰላይ ያሰኘኋቸውም እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ለቅሶ የመጣው ሰው ሲቀልል፣ የእርስዎስ ገጽ የታለ፣ ለማን እንንገር አልኳቸው።

«እኔ ምን ሰው አለኝ? አንተ አለህ አይደል?» አሉኝ።

መጨረሻው ገጽ ላይ ስማቸውን ጽፈው ከስሩ የኔን ስልክ ቁጥር አሰፈሩ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

ፈርቼ ነው ብዬ አላመካኝም። ደብተሩን ያስነበበኝ ፍርሃት ይሆናል፤ ክፍል ውስጥ እጄን ያስወጣኝ ግን ጎበዝ ለመባል መፈለጌ ነው። አሁንም በየወሩ ብቅ ይላሉ፤ ሱሪዬን ያሳጥሩልኛል፣ ለእናቴ ዱዓ ያደርጉላታል። ይቅርታውን ካንተ አልጠይቅም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ግን የማላውቀው ቁጥር በደወለ ቁጥር፣ ሳልነግራቸው ሞቱብኝ እንዴ እያልኩ ነው የማነሳው።