ዘጠና አራት ላይ

ቻይና፣ ታይዩዋን ከተማ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያችን ግድግዳ ላይ «ሰማንያ ከመቶ ሲሞላ ይንቀሉ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከፊቴ የቆመችው የታክሲ ሹፌር ግን ዘጠናን አልፋም አልነቀለችም። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል። የወንድ ጃኬት ለብሳ፣ እጅጌውን ሁለቴ ጠቅልላ፣ ኬብሉን በጀርባዋ ከልላ የቀዘቀዘ ዳቦ ትገምጣለች።

ሁላችንም አጎቴ የምንላቸው ጥበቃ መጡ። «ማንበብ አትችይም? ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ባትሪው ቶሎ ያረጃል።»

«ቶሎ የሚያረጀው ሩቅ የሚሄደው የኒኬሉ ባትሪ ነው፣ አጎቴ። የኔ ባትሪ የብረት ነው፤ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ግን በሳምንት አንዴ መቶ ካልሞላ የሚያሳየኝ ቁጥር ይዋሻል። ይሄን የለጠፈው ሰውዬ ስለኔ መኪና ማንን ጠየቀ?»

«ሰው ተሰልፏል እኮ።»

«ይሰለፋ። ባለፈው ሳምንት ማስታወቂያዎን ሰምቼ ነቀልኩ። አርባ ኪሎ ሜትር ይቀራል ያለኝ መኪና በዚህ ብርድ ድልድዩ ላይ ቀጥ አለ። ባሌን ለኩላሊት እጥበት ይዤው ነበር። የማላውቃቸው ሰዎች በብርድ ልብስ ተሸክመው ወሰዱት። ዛሬም ቀኑ ነው።»

እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ኬብሉ ሰደዱ። እኔም ደሜ ፈላ፤ ልጄን አቅፌ ከመኪናዬ ወረድኩ።

«ቀጣዩ ተራ የኔ ነው። እኔ ከጠበቅኩ እርስዎ ምን ቤት ነዎት?»

አጉረምርመው ሄዱ። ሴትዮዋ አላመሰገነችኝም። ዘጠና አራት ከሚለው ቁጥር ላይ ዓይኗን ሳታነሳ፣ «ያን ሁሉ ክላክስ ስታደርጊብኝ የነበርሽው አንቺ አይደለሽ?» አለችኝ።