ቢላዋና ስለት

አማርኛ አንዳንዴ ቃል ይሰስታል። «ሳለ» ሲባል ሰውየው ሥዕል ይሁን ቢላዋ የሳለ፣ ወይስ ጉንፋን ይዞት ነው፣ ካላዩት አይታወቅም። ግጥም እጽፋለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም። እንዲህ ያለ ቃል ሳገኝ ግን እግሬ አያርፍም። ከአራዳ ቁልቁል ወደ ቀጥቃጩ ቤት የወሰደኝም ይኸው ነው፤ ስለት ከብረት እንዴት እንደሚወጣ ማየት ፈለግሁ።

ቀጥቃጩን ሰፈሩ «አያ» ይላቸዋል። ያን ሰሞን ፒያሳ አጠገብ የእጅ ሥራ ባዛር ሊከፈት ስለነበር ከሚስታቸው ጋር ቢላዋ ያዘጋጁ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሥራቸውን አንድ ነጋዴ እየወሰደ «ከውጭ የመጣ ነው» ብሎ ይሸጠው ነበር። ቀጥቃጭ ዓይኑ ይበላል የሚለው ወሬ እኛ ከተማ ገና አልሞተም፤ ነጋዴውም ሰው ካወቀ አይገዛም ባይ ነው።

«አንድ ቀን እንኳ እኔ እንደሠራሁት ይታወቅ» አሉኝ አያ። በባዛሩ ከራሳቸው ቢላዋ ኋላ ራሳቸው ሊቆሙ ቆርጠዋል።

ብረቱ የአሮጌ ማኪና ባሌስትራ ነው። ወናፉን የያዙት ሚስታቸው ናቸው፤ እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። ብረቱ መጀመሪያ እንደ በርበሬ ይቀላል፣ ቀጥሎ ወደ ብርቱካን ይጠጋል። አያ መዶሻቸውን የሚያነሡት እትዬ «አሁን» ሲሉ ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ጠየቅሁ።

«ዓይኔን እሳቱ ጨረሰው። እሷ ገና ታያለች» አሉ አያ።

«ዓይንህስ ደህና ነው፤ መስማት ነው ያቃተህ» አሉ እትዬ።

ቅርጹ ሲወጣለት ብረቱን እንደ ጋለ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ ነከሩት። ጭሱ ጉሮሮዬን ያዘኝና ሳልሁ።

«ገጣሚው ስሎ ጨረሰ» አሉ እትዬ ወደ ባላቸው ዞረው፤ «የቀረኸው አንተ ነህ።»

አያ እየሳቁ ድንጋዩን አረጠቡና መሳል ጀመሩ። ስለቱን የሚፈትኑት በግራ ክንዳቸው ፀጉር ነው። ክንዱ ከአንጓው እስከ ክርኑ ተላጭቷል። እጀታው ወይራ ነው፤ አፎቱን እትዬ ከፍየል ቆዳ ሰፉት።

ጠረጴዛው ላይ የሚቆመውን ሰሌዳ እንድጽፍ እኔ ታዘዝሁ። ያመጣሁትን ግጥም ሁሉ አያ «ረዘመ» እያሉ መለሱት። በመጨረሻ «ከእጃችን የወጣ ስለት» የሚለው ላይ ተስማማን። ጥሩ ስንኝ መሰለኝ።

በባዛሩ ዋዜማ ሻጮች ጠረጴዛቸውን እያሰናዱ ሳለ አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴት መጡ። ሰሌዳውን ቆመው አነበቡ። ከዚያ ትንሿን ቢላዋ በሁለት እጃቸው አነሡና እጀታዋን ሳሟት።

«አያ፣ ለየትኛው ታቦት ነው?» አሉ።

«ምኑ?»

«ስለቱ ነዋ። ሸጋ ነገር ነው። ጨረታው ከቅዳሴ በኋላ ነው ወይስ እዚሁ?»

ያኔ ገባኝ። ሴትየዋ ያነበቡት ለታቦት የተሳለውን ስለት ነው፤ ልክ እንደ ጃንጥላ፣ እንደ ሙክት፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን። እትዬ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝና «ዝም በል፤ ይሳሙት» አሉ በቀስታ። ፊታቸው በርቶ ነበር። የቀጥቃጭ ሥራ ሲሳም ማን አይቶ ያውቃል?

አያ ግን ቢላዋውን አተኩረው አዩ። የታቦት ስለት ከሆነ ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

«ስለት አይደለም» አሉ። «ማለቴ፣ ስለት ነው፤ የሚቆርጠው። ለታቦት አይደለም። እኔ ነኝ የሠራሁት። ቀጥቃጭ ነኝ።»

ሴትየዋ ቢላዋውን መልሰው አስቀመጡ፤ ቀስ ብለው። በነጠላቸው ጫፍ ከንፈራቸውን ነካ አደረጉ። ጠረጉት ልበል አልበል አላውቅም። ሰፌድ ወደምትሸጠው ጓደኛቸው ሄደው ወደ እኛ በአገጫቸው እያመለከቱ አወሩ። አያ የሚሰሙበት ርቀት አልነበረም።

«ምን አለች?» አሉኝ።

«የሠራው እሱ ነው አሉ።»

«‹እሱ› ነው ያለችው ወይስ ‹እሳቸው›?» አሉ እትዬ።

«‹እሱ›።»

እትዬ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ምነው አፍህን ብትይዝ ኖሮ» አሉ ባላቸውን።

«‹እሱ› ይበቃኛል» አሉ አያ። «ነጋዴው ነው አላለችም።»

ሰፌድ ሻጯ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ተነሣች። ጠረጴዛችን ጋ ደርሳ ቆመች፤ ሰሌዳውን አላየችም።

«ሠሪው አንተ ነህ አሉ» አለቻቸው አያን። «እስቲ የቱ ነው ቶሎ የማይዶለዱመው?»

አያ የግራ እጅጌያቸውን ሰብስበው የተላጨውን ክንዳቸውን አሳዩአት።