የወንድሜ ሹመት በአንድ ቀን ቀደመ

ወንድምጋሼ፣ ይግባኝህ ተፈቀደልህ።

ጓደኞቼ፣ ወንድሜ የተጠባባቂ ጦር መኮንን ነበር። የመቶ አለቃነት ማዕረጉን ያገኘው ከመቶ አለቃ ደሴ በአንድ ቀን ቀድሞ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን ቀኑ ዘግይቶ ተጻፈ። ስለዚህ በተገናኙ ቁጥር ቀድሞ ሰላምታ መስጠት ያለበት እሱ ሆነ። ቀኑ እንዲታረምለት ይግባኝ አለ።

ከዚያ ወዲህ ከመቶ አለቃው ጋር ላለመገናኘት ቡሬ ገበያ የሚገባው በጓሮ ዞሮ ነበር።

ትናንት የወንድሜ ለቅሶኛ ሁሉ ወደየአገሩ ስለተመለሰ ዛሬ ብቻዬን ነቃሁ። የይግባኙ ቀጠሮ ዛሬ ነበርና በትምህርት ቤት ቁምጣዬ ፍኖተ ሰላም ወዳለው ጽሕፈት ቤት ሄድሁ።

«ባለጉዳዩ ራሱ ቀርቦ ይፈርም» አሉ ጸሐፊው።

«ሞቷል፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ሌላ ቀን ይምጣ» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

መቶ አለቃ ደሴ ለራሳቸው ጉዳይ መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። «ቀብሩ ላይ እኔ ራሴ ነበርሁ። የውሳኔውን ደብዳቤ ለዚህ ልጅ ስጠው» አሉ።

ጸሐፊው ደብዳቤውን ሲሰጡኝ መቶ አለቃው ከእሳቸው በአንድ ቀን የቀደመውን የሹመት ቀን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ተነሡ፤ ኮፍያቸውን አስተካክለው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡኝ።

ቀኝ እጄ ደብዳቤውን ይዞ ስለነበር በግራዬ መለስሁ።

«በቀኝህ ነው እንጂ» አሉና እስካስተካክል ድረስ እጃቸውን ሳያወርዱ ጠበቁኝ።

እናንተስ ለሞተ ሰው ጉዳይ ስትሄዱ ምን ገጠማችሁ?