የሳሎናችን ምሰሶ

ልጆች ሳለን ከእኔና ከወንድሜ ከታደለ ግንባር እብጠት ጠፍቶ አያውቅም። ጥፋቱ የምሰሶው ነበር። ደብረ ማርቆስ ያለው ቤታችን መጀመሪያ ክብ የሣር ቤት ነው። አባታችን ቆርቆሮ አለበሰው፤ እኛ ስንወለድ ደግሞ በግራም በቀኝም ክፍል ቀጠለበት። እንዲያ እንዲያ እያለ ክቡ ቤት ማዕዘን አወጣ። ምሰሶው ግን ሳሎኑ መካከል እንደተገተረ ቀረ። እንግዳ ሁሉ ይጋጨው ነበር፤ አባባ ግን "ይነሣ" ሲባል አይሰማም።

ኩኩሉ ስንጫወት ዓይናችንን የምንጨፍነው እሱ ላይ ተደፍተን ነው። እናታችን የምትንጥበትን ቅል የምታስረው እዚያ ስለነበር እንጨቱ ቅቤ ጠጥቶ ወዝቷል። ያ የቅቤና የጭስ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

አባባ ከሞተ በኋላ የእማ ዓይን ጠፋ። ሆኖም ማንንም "ምሩኝ" አላለችም። ከአልጋዋ ተነሥታ ምሰሶውን በመዳፏ ነካ ካደረገች፣ በሩም ጓዳውም የት እንዳለ ታውቀዋለች። ደጅ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ሲበቃት ትመለሳለች። አንዳንዴማ አለማየቷን እንረሳው ነበር።

ሰፈሩ ሁሉ ፎቅ በፎቅ ሲሆን ታደለ "እኛስ ምን ቀረን?" አለ። ቤቱ ፈርሶ ባለ ሦስት ፎቅ የሚከራይ ሕንፃ ሊቆም ሆነ፤ የታችኛው ቤት ለእማ። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ምሰሶዬስ?"

ታደለ ሳቀ። "እማ ደግሞ! ፎቅ በብረትና በሲሚንቶ ነው የሚቆመው። እንጨት ምን ያደርግለታል?"

"ለፎቁ መቼ አልኩ?" አለች። እኛም ነገሩ አልገባንም። ቤቱ በፈረሰ ሰሞን የቀን ሠራተኞቹ ምሰሶውን ፈልጠው ንፍሮ ቀቀሉበት።

አሁን ሳሎናችን ሰፊ ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ማንም ከምንም አይጋጭም። እማ መጀመሪያ ሰሞን ትነሣና እጇን ዘርግታ መካከሉ ላይ ትቆም ነበር፤ ጣቶቿ ባዶውን ይዳብሳሉ። አንድ ቀን ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ከአልጋዋ ለመውረድ እንኳ እኔን ትጠብቃለች።

ትናንት ጠዋት "እማ፣ ፀሐይ ወጥቷል፤ ደጅ ላውጣሽ?" አልኳት።

ፊቷ በራ። "ምሰሶው ድረስ ብቻ አድርሺኝ፤ ከዚያ ወዲያ እኔው አውቀዋለሁ።"

እጇን ይዤ ሳሎኑ መካከል ድረስ ወሰድኳት። ሌላ የምወስዳት ቦታ አልነበረኝም።