ሸጋ አትበይ

ባለፈው ሳምንት አዘዞ፣ ከቤታችን ወረድ ብሎ ባለው ፀጉር ቤት፣ የጋለው ማበጠሪያ ቅባት የጠገበውን የልጄን ፀጉር ሲነካው የተነሣው ሽታ እኔን ከተቀመጥኩበት አንሥቶ ስድስት ዓመቴ ላይ ጣለኝ። ልጄ የትምህርት ቤቷ የቁንጅና ውድድር ውስጥ ካልገባሁ ብላ ወጥራ ይዛኝ ነበር። እኔ በልጅነቴ እንዲህ ያለው ነገር ውስጥ የገባሁት ወጥሬ ሳይሆን ተወጥሬ ነው፤ ወጣሪዋም እናቴ ነበረች።

እምዬ ኮሶዬ ከምትባል የገጠር መንደር የመጣች ናት። ጎንደር ከተማ የገባችው በትዳር ሲሆን፣ በመጀመሪያው ሰሞን ገበያ ወጥታ የአንዱን ነጠላ ጥለት «ሸጋ ነው» ስትል ሁለት ሴቶች ተያይተው «ባላገር!» ብለው ሳቁባት። ከዚያ ወዲያ ሰው ፊት ቃል እየመረጠች፣ ተናግራ ስትጨርስም የሰሚውን ፊት ሰረቅ አድርጋ እያየች የምትናገር ሴት ሆነች። ቤታችን ውስጥ ግን ወጡም ሸጋ፣ ዝናቡም ሸጋ፣ ጎረቤቱም ሸጋ ነበር። ስለዚህ መዋዕለ ሕፃናታችን በዓመቱ መዝጊያ የቁንጅና ውድድር እንዳዘጋጀ ስትሰማ፣ ለእሷ ጉዳዩ የመልክ አልነበረም፤ ልጇ በዚያ ሁሉ ከተሜ ፊት ቆማ እንደ ከተሜ ልትናገርላት ነው።

ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ፣ ከአያቶቿ የወረሰችው የጨርቅ ሱቅ የነበራት ደግ ሴት፣ ለሙሽራ እንኳ የምትሰስተውን ሮዝ ሳቲን ቆርጣ ሰጠችን፤ ስትሰጥም «ይችን ልጅ ልታወዳድሪያት ነው ወይስ ልትድሪያት?» ብላ እምዬን አሳቀቻት። ፀጉሬ በጋለ ማበጠሪያ ተተኩሶ፣ በቢጉዲን ተጠቅልሎ እየተኛሁ፣ ጥጥ በተጎሰጎሰበት ሰፊ ጫማ ከጓዳ እስከ በር እየተንጎራደድኩ፣ ጉንጬ እስኪዝል ፈገግ ማለትን ተማርኩ። ከሁሉም የከበደኝ ግን ንግግሩ ነው። «ሸጋ» ባልኩ ቁጥር ቁንጥጫ ነበረብኝ፤ ምስኪኗ እናቴ ደግሞ እየቆነጠጠችኝ «ሸጋ አድርገሽ ተናገሪ እንጅ! ሸጋ አትበይ አላልሁሽም?» ትለኛለች። እትዬ ዘሀራ ይህን ስትሰማ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ትስቅ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ እምዬ ከኋላ፣ ግድግዳው ሥር ቆማ፣ ያስተማረችኝን ፈገግታ ራሷ ፈገግ ብላ የምመልሰውን መልስ በከንፈሯ ታነበንባለች። ከአዲስ አበባ የመጣው መድረክ መሪ ተራዬ ሲደርስ ጎንበስ አለና «እዚህ አዳራሽ ውስጥ በጣም ቆንጆዋ ማን ናት?» አለኝ። የተጠናው መልስ «ሁላችንም ቆንጆዎች ነን» የሚል ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ ዐይኔ እሷ ላይ ነበር፤ አዲስ ነጠላዋን ለብሳ፣ ለእኔ ስትጨነቅ ፊቷ በርቶ፣ በእውነት ከእሷ የሚያምር ሰው አልታየኝም።

«እምዬ ናት። እምዬ ሸጋ ናት» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሰውዬውም እየሳቀ «ሸጋ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ። እኔ የምር አያውቅም ብዬ አዘንኩለትና በማይክራፎኑ አስረዳሁት፦ «ቆንጆ ፊት ብቻ ነው። ሸጋ ግን አመልም አለው።» ቀና ስል እምዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ወደ ግድግዳው ዞራለች።

ከወርቃማ ካርቶን የተሠራው አክሊል ለሌላ ልጅ ሄደ። እምዬ ሳቲኑ ጭቃ እንዳይነካው አዝላኝ፣ ጫማዎቼን በእጇ አንጠልጥላ በቀሐ ወንዝ በኩል ወደ ቤት ስንመለስ፣ እኔ ጀርባዋ ላይ ሆኜ ቁንጥጫዬን እጠብቅ ነበር። ድልድዩን ካለፍን በኋላ ነው የተናገረችው።

«ሸጋ ብለሻል» አለችኝ።

በደንብ ተናገርሽ ማለቷ ይሁን፣ የከለከልኩሽን ቃል ተናገርሽ ማለቷ፣ ለዓመታት ሳሰላስለው ኖሬያለሁ፤ ኋላ ላይ ስጠይቃትም ትስቅ ነበር እንጂ አትመልስም። የማውቀው ግን ከዚያ ቀን በኋላ ገበያ መሐል ቆማ፣ ድምጿን ሳትቀንስ፣ የማንንም ፊት ሳታይ «ሸጋ» ማለት መጀመሯን ነው። ከዚያ የሚበልጥ ድፍረት በዕድሜዬ ብዙ አላየሁም፤ አሁንም ባሰብኩት ቁጥር እኮራባታለሁ። እሷን ከቀበርን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ያን ቃል የሚል የለም፤ እኔም ሳላውቀው ትቼዋለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ልጄ መድረክ ላይ ወጥታ እንደ ቴሌቪዥን ሰዎች ኮለል አድርጋ፣ አንዲት ቃል ሳትስት ተናገረች፤ ሰውም አጨበጨበላት። ወርዳ እየሮጠች ስትመጣ እቅፍ አደረግኳትና፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ «ሸጋ ብለሻል!» አልኳት።

ደንግጣ ቀና ብላ አየችኝ። «ኧረ እኔ ሸጋ አላልኩም፣ እማ!»

እውነቷን ነው፤ አላለችም።