ሐጂ ሙሀመድኑር የፋቁበት እስክሪብቶ

ከሚሴ ባጃጅ ከመግባቱ በፊት የሰው ማዕረግ የሚታወቀው በሸሚዙ ኪስ ነበር። አንድ እስክሪብቶ የሰካ ጸሐፊ ነው፤ ሁለት የሰካ ኃላፊ ነው፤ ሦስት የሰካ እንደሆነ ለስብሰባ ከአዲስ አበባ የመጣ ነውና መንገድ ይለቀቅለታል። እስክሪብቶዎቹ ይጻፉ አይጻፉ የሚጠይቅ አልነበረም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ኪሱን የምሰፋው እኔው ስለሆንኩ አውቃለሁ። እንዲያውም አንዱ ሹመት ሲሸተው ኪሱን አስቀድሜ እንዳሰፋለት ለምኖኛል።

ጎረቤቴ ሙህዲን ግን ኪስ ያለው ሸሚዝም አልነበረውም። እንጨት እያሾረ የሚቀርጽበት ቶርኖ ቤቱና የኔ ሱቅ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ቀኑን ሙሉ የአልጋ እግር በቶርኖ ሲያወጣ ብናኙ እኔ የምሰፋው ሱሪ ላይ ያርፋል። ከጨፋ ሮቢት እስከ ባቲ ሙሽራ የሚተኛበት አልጋ አብዛኛው የቆመው ሙህዲን በሠራው እግር ነው። እሱ ራሱ የሚተኛው ሰሌን ላይ ነበር።

ይህ ልጅ የእህል ነጋዴውን የሐጂ ሙሀመድኑርን ልጅ ረቢአን ወደደ። እሷም ወዳዋለች፤ ምስክሩ እኔ ነኝ፤ ያልተቀደደ ቀሚስ ላስጠግን እያለች ሱቄን ታዘወትር ነበርና። ችግሩ አባቷ ናቸው። ሐጂ በገበያ መሐል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ልጄን ለቢሮ ሰው እንጂ ለአልጋ እግር ጠራቢ አልድርም ብለዋል።

ሙህዲን ይህን ሲሰማ ወይ ሥራውን ይለውጣል ወይ ረቢአን ይተዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን በቶርኖ እስክሪብቶ ልሠራ ነው አለኝ። የቢሮ ሰው ባልሆን የቢሮ ሰው የሚሰካውን ከሠራሁ ምን ይሉኛል ነው ነገሩ። ፍቅር የያዘው ሰው ሒሳብ እንዲህ ነው።

የመጀመሪያው ሆዱ ጎላ፣ አንገቱ ሰለል፣ ታቹ ድብልብል ብሎ ወጣ። እጁ ሌላ ቅርጽ አያውቅማ። የአሻንጉሊት አልጋ እግር ነው ስለው ተቀየመኝ። ቀጥሎ የደረቀ ወይራ አመጣ። መሐሉን በጋለ የብስክሌት ሽቦ በሳው፤ ቶርኖው ላይ አስሮ በመሮ አቀጠነው፤ በብርጭቆ ወረቀት አሻሸውና የተገዛ እስክሪብቶ ቀለም ከነቀጭን ቱቦው ከተተበት። ክዳኑንም ከዚያው እንጨት አውጥቶ ገጠመለት። መገጣጠሚያው በዓይን አይታይም፣ በጥፍርም አይያዝም። ቫርኒሽ ቀባው ስለው፣ ወይራን ቫርኒሽ መቀባት ማር ላይ ስኳር መነስነስ ነው አለኝ። ቆንጆ ነበር፤ አልዋሽም። ብቻ እስክሪብቶ መሆኑን የሚያውቀው የሠራው ሰውና ሲሠራ ያየው ሰው ነበር።

ከዚያ ሽማግሌ ላከ። ዋናው ሼህ ቃሲም፣ ተከታዮቹ እኔና አንድ ጎረቤታችን። የመከርነው ሼህ ቃሲም እስክሪብቶውን ለሐጂ አበርክተው ስለ ልጁ የእጅ ጥበብ እንዲናገሩ ነበር። የሼህ ቃሲም ንግግር ደግሞ ረጅም ነው፤ ከቢስሚላህ ተነሥተው ጉዳዩ ላይ እስኪደርሱ ሻይ ይቀዘቅዛል። ያን ዕለትም እስክሪብቶውን በሐጂ መዳፍ ላይ አኑረው ገና የዘመድ አዝማዱን ጤና ሲጠይቁ፣ ሐጂ «ማሻአላህ፣ ኤጀርሳ!» ብለው፣ ወይራ ማለታቸው ነው፣ ወደ አፋቸው ከተቱት።

መፋቂያ መስሏቸው ነው። አይፈረድባቸውም፤ በኛ አገር ቀጭን የወይራ እንጨት እጁ ላይ የተቀመጠለት ሽማግሌ ሌላ ምን ሊያደርገው ኖሯል?

አንዳችን እስክሪብቶ ነው ማለት ነበረብን። ነገር ግን ሰው በገዛ ቤቱ ተቀምጦ ተሳስተሃል አይባልም፤ ለዚያውም ሐጂ፣ ለዚያውም ልጁን ልትለምነው መጥተህ። ሼህ ቃሲም እኔን አዩ፣ እኔ ጎረቤታችንን አየሁ፣ ጎረቤታችን ጣራውን አየ። የሐጂ ጥርስ ደግሞ ሽምብራ ይፈጫል። ጫፉን ነከስ፣ ፋቅ ፋቅ እያደረጉ፣ ለማን እንደመጣን ቀድመው ሰምተዋልና፣ ወሬውን ራሳቸው ያዙት። የዛሬ ልጅ እስክሪብቶ ሰክቶ ይንጠባረራል፣ ይህ ግን መፋቅ ሱና መሆኑን ያውቃል፣ ታላቁን ያከብራል አሉ።

«ለቢሮ ሰው ብዬ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እንዲህ ላለው ልጅ ግን ወላሂ አልከለክልም። ሰጥቻለሁ፤ ፋቲሃ ይደረግ።»

ሼህ ቃሲም በዕድሜያቸው እንደዚያ ያጠረ ዱአ አድርገው አያውቁም።

አሚን ብለን እጃችንን ከፊታችን ስናወርድ ረቢአ የሻይ ትሪ ይዛ ገባች። አባቷ ፈገግ አሉላት። ጥርሳቸው፣ ድዳቸው፣ ሒና የተቀባው ጢማቸው ሳይቀር ሰማያዊ ሆኗል።

«አባ» አለች ትሪውን አስቀምጣ፣ «የሚፍቁበትኮ እስክሪብቶ ነው።»

ሐጂ ከአፋቸው አውጥተው አገላበጡት። ክዳኑን እየጎተቱ ነቀሉና መዳፋቸው ላይ አንድ መስመር አሰመሩ። እኔ አለቀልን አልኩ። ሐጂ መስመሩን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ፋቲሃ የተደረገበትን ቃል ያጠፈ ነጋዴ በማግስቱ ገበያ ወጥቶ ማን ያምነዋል? ሰማያዊ አፋቸውን ጠረግ አድርገው ቀና አሉ።

«ይጽፋል» አሉ። «የቢሮ ሰው ነው ማለት ነው። እኔ ከመጀመሪያውም አውቄዋለሁ።»

እኛም አዎን፣ አውቀውታል አልን።

እስክሪብቶው ጥርስ እንዳረፈበት በሐጂ የደረት ኪስ ተሰክቶ ቀረ፤ ኪሱን የሰፋሁላቸው እኔ ነኝ። ሰው ሊጽፍበት ሲጠይቃቸው የኪስ ነው ብለው ይመልሱታል። ሙህዲን ለሠርጉ አልጋ ሠራ፤ እንደዚያ ያማረ እግር ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። እንግዳው አልጋውን ከቦ ሲያደንቅ ሐጂ ኪሳቸውን ነካ እያደረጉ፣ አማቼ የቢሮ ሰው ነው፣ እንጨት የሚነካካው ለመዝናኛ ነው ይሉ ነበር። ሙህዲን ብናኙን ከጸጉሩ ሳያራግፍ ቆሞ ይሰማል፤ አይከራከርም። ረቢአን አግኝቷል፤ ከሰሌንም ተነሥቷል።